በሰው እግር የተሳለ ስለት

ሎስ ፒሩሌስ፣ ጁን 9 ቀን 1974

እግሬን የሰበረው ኤሊሴዮ ነው። የሟች እህቴ ባል ኤሊሴዮ። ሰላምታው ይከተላል፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ እርጥበት ነክቶት ከታች ያለው ቢጠፋ እንኳ ይህ እንዲተርፍ ብዬ ነው ያስቀደምኩት።

ለአክስቴ ለሊብራዳ የልጅ ልጅ፣ ለግራሲዬላ። ይህ ወረቀት በጤናሽ፣ በሥራሽ ላይ፣ ከልጅሽ ጋር ያግኝሽ። እመቤታችን የሳን ሁዋን ድንግል መጎናጸፊያዋን በአንቺም ላይ በዚያ በማላውቀው አገርም ላይ ትዘርጋ። እኔ አልጋ ላይ ነኝ፤ አለሁ።

ጽሕፈቱ ያስደነግጥሽ ይሆናል። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ባለመድኃኒት ቤቱ ዶን አቡንዲዮ ነበር። እኔ "ደህና ነኝ" ስለው እሱ "በፈጣሪ ቸርነት ከጽጌረዳ ይልቅ ፈክቼ" ብሎ ይጽፋል። ከአሁን ወዲያ አበባ የለም። ከከተማ የመጣች አንዲት መነኩሲት ካረጀሁ በኋላ ፊደል አስቆጥራኛለች። ትልልቅ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሳሳንሳቸው ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጣሉብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሊሴዮ የከብት መኖ ጭኖ መጣና መኪናውን ዳገቱ ላይ፣ ከቤቴ በላይ አቆመ። ያቺ መኪና ፍሬን የላትም፤ የሚይዛት ከኋላ ጎማዋ ሥር የሚወትፈው ድንጋይ ነው። እኔ ከታች ከውሃ ገንዳው አጠገብ ልብስ አጥባለሁ። የጭነቱ መዝጊያ አልከፈት ብሎት ሲታገል ቆየና የሚቀጠቅጥበት ነገር ፈለገ። አጎንብሶ ምን እንዳነሳ ልንገርሽ? ያንኑ ድንጋይ።

"ኤሊሴዮ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

"መዝጊያውን እየከፈትኩ" አለኝ።

ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም። እሱ ወደ ጎን ዘለለ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ መጥታ እኔን ከገንዳው ግድግዳ ጋር አጣበቀችኝ።

ጭኔም ዳሌዬም ተሰበሩ። ከተማ ወስደው እግሬን በገመድ ሰቀሉና የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠሉበት። ሐኪሙ የተኛሁ መስሎት ለጎረቤቴ ለቶማሳ "እንግዲህ ተቀምጣ ትኖራለች" ሲላት ሰማሁት። አሁን ቤቴ ነኝ። ቶማሳ ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ በዚያው ልክ ታወራብኛለች።

ኤሊሴዮ እሁድ እሁድ ይመጣል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ አይብ ያስቀምጣል፤ ይሄዳል። ይቅርታ የለ፣ "እንዴት አደርሽ" የለ። መኪናዋ ያጣችውን ፍሬን እሱ ምላሱ ላይ አግኝቶታል።

ጻፊልኝ።

ዶሚቲላ


ካንሳስ፣ ኦገስት 2 ቀን 1974

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ ዶሚቲላ፣

እግዚአብሔር ከራስጌዎ አይለይ፤ ቅዱሳኑም ተራ ገብተው ያስታምሙዎት። እኔና ልጄ ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የራስዎ እጅ መሆኑን ሳይ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ከእግርዎ በፊት ለፊደልዎ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አይቆጡ። የአደጋው ወሬ የደረሰኝ በኤፕሪል፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው፤ የቶማሳ ልጅ ስልክ ደውላ ነገረችኝ። እዚህ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ሥጋ ከአጥንት እንለያለን፤ ቢላዋው በእጄ ነበር። ምን እንደምል ሳላውቅ ጮክ ብዬ "የሳን ሁዋን ድንግል ሆይ፣ ዶሚቲላን አቁሚልኝ። ካቆምሽልኝ በፌብሩዋሪ ለካንዴላሪያ በዓልሽ ከሎስ ፒሩሌስ እስከ ደጅሽ በእግሯ ትመጣለች፤ የምስጋና ሥዕል ያለበት ቆርቆሮም ትሰቅልልሻለች" አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተቆጣጣሪያችን ሚስተር ኮል ሉተራን ነው፤ እኛ እንደምንለምናት እመቤታችንን አይለምንም። "ምን ሆንሽ?" አለኝ። በተሰባበረ ቋንቋዬ የእርስዎን እግር ነገርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲገባ ከሰላምታ በፊት "እግሩስ?" ይለኛል። የማን እግር እንኳ አይልም፤ እግሩ ብቻ።

በምሳ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ስምዎ ተለጥፏል። ከአገራችን የሳካቴካስ ሰዎች አሉ፣ የቺዋዋ ሰዎች አሉ፣ ከጓቴማላ የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰው አለ፤ ቢላዋ ከማንሳታችን በፊት ሁሉም ስምዎን ጠርተው ያማትባሉ። አንዳቸውም አይተውዎት አያውቁም። አንዲት ሴትዮ ዶሚቲላ የምትባል ቅድስት መስላት ሻማ ልታበራልዎ ነበር።

ሚስተር ኮል ፎቶግራፍ ቢልኩ ብሏል። የእግሩን።

እጅዎን ስሜ፣
ግራሲዬላ


ሎስ ፒሩሌስ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1974

ግራሲዬላ። ጤና ይስጥሽ፤ ልቦናም ይጨምርልሽ። ጤናውን ለሁሉም እለምናለሁ፤ ልቦናውን ግን ለአንቺ ለይቼ ነው።

ማን ፈቀደልሽ? እግሩ የማን ነው? ካንሳስ ቆመሽ በኔ እግር ትሳያለሽ! አንቺ እግር አልነበረሽም? "ከዚህ ድረስ በጉልበቴ እየዳኽሁ እመጣለሁ" አትይም ነበር? ቢላዋው በእጅሽ ነበር፤ ጠጉርሽን ቆርጠሽ አትሳይም? ከአልጋ መውረድ ያቃተውን እግር መንገድ ታዢዋለሽ!

ለሚስተር ኮል የሚላክ ፎቶግራፍ የለም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይህን እግር በጠራራ ፀሐይ አይቶት አያውቅም፤ ሉተራን ያየዋል?

አባ ኢልዴፎንሶ ሊያቆርቡኝ ሲመጡ ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ ሌላ ሰው በኔ ስም የተሳለው ስለት እኔን ያስረኛል?"

"አያስርሽም። የሚታሰረው የተሳለው ሰው ነው" አሉ።

"ስለዚህ ነጻ ነኝ?"

"ነጻ ነሽ፣ ልጄ። ድንግሊቱ ሽባን ተራምደሽ ነይ አትልም።"

አመስግኜ ሸኘኋቸው። ከዚያ እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርሽ አልችልም። ነጻ አውጡኝ ብዬ የጠየቅሁ እኔ፣ ነጻ ሲያወጡኝ የበገንኩም እኔ።

"ደግሞ አሁን ምን ሆንሽ?" አለችኝ ቶማሳ።

"ነጻ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"ሂጂና ቦሎቄሽን አማስዪ" አልኳት።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ሌላውን ለመጻፍ ስለፈራሁ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ዝንብ መጥታ የእግሬ አውራ ጣት ላይ አረፈች። ከተሰበርኩ ጀምሮ ከጉልበቴ በታች ያለው የኔ አልነበረም፤ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ዝንቧን አየኋት እንጂ አልተሰማችኝም። በሆዴ "ሂጂ" አልኳት። ሄደች። ለምን ሄደች? ጣቴ ስለተንቀሳቀሰ ነው።

ግራሲዬላ፣ ያቺ ዝንብ ተመልሳ እንድታርፍ እንዴት አድርጌ እንደለመንኩ! ዕድሜዬን ሙሉ ዝንብ ሳባርር ኖሬ፣ አሁን እንግዳ እንደሚጠራ ሰው "ነይ፣ ነይ" እላለሁ። ተመልሳ መጣች። ጣቴን አዘዝኩት። ታዘዘኝ። አጥንቱን ማን ቀጠለው? ሐኪሙ አልቀጠለውም፤ እሱ ተስፋ ቆርጦ አሸዋ ነው ያንጠለጠለብኝ። እኔ ተኝቼ ስማረር፣ ውስጤ የገባ አንድ ሠራተኛ ሳይነግረኝ ሥራውን ይሠራ ነበር። ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ያወቅሁ ያህል ደነገጥኩ።

እሄዳለሁ አላልኩም። ከሄድኩ ግን ቆርቆሮው ላይ የሚጻፈውን በእጄ ነው የምጽፈው። የኤሊሴዮን ስም ከነጥፋቱ እጽፈዋለሁ፤ በድንግሊቱ ፊት ለዘላለም ይሰቀል። አሁንም እሁድ እሁድ ደጄ ላይ ይገተራል። አይብ አለ፤ ቃል የለም።

ዶሚቲላ


ሎስ ፒሩሌስ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1974

ግራሲዬላ፣ እንደምን ከርመሻል? መልስ የለም። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪ። የምነግረው ሰው ስላጣሁ ለአንቺው እጽፋለሁ።

ዛሬ ቆምኩ።

በአንድ እጄ አልጋውን፣ በሌላው ቶማሳን ይዤ ነው። ቶማሳ "እንዳትወድቂ፣ እንዳትወድቂ" እያለች ከኔ ይልቅ እሷ ልትወድቅ ነበር። ቆሜ የቁምሳጥኑን አናት አየሁ። ብዙ አቧራ አለበት። ከተጋደመ ሰው ሁሉ የሚሰወር አቧራ! ከዚያ የበለጠ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። ቶማሳ ልትጠርገው ጨርቅ ስታነሳ ጮኽኩባት።

ለሚስተር ኮል "እግሩ ቆመ" በዪው። አንቺ ደግሞ ዝም አትበይኝ። ዝም የሚለኝ አንድ ሰው ይበቃኛል።

ዶሚቲላ


ካንሳስ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1974

እትዬ ዶሚቲላ፣

ልጇን በበረት ያስተኛች እናት ቤትዎን ትሙላልዎ። የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም፤ መልሱ ከብዶኝ ነው። "አንቺ እግር አልነበረሽም?" ብለውኛል።

እግር አለኝ፣ እትዬ። ወረቀት የለኝም። ከዚህ አገር አንዴ ከወጣሁ የምመለስበት በር የለም፤ ልጄ ደግሞ እዚህ ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቴ ስትቀበር ለምን እንዳልመጣሁ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ስላልጠየቁኝ ሁልጊዜ አመሰግንዎታለሁ።

ያን ቀን አፌን የከፈትኩት "እመጣለሁ" ልል ነበር። የማልችለውን ለድንግሊቱ ቃል መግባት ፈራሁ፤ ቃሉ ግን ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። የእርስዎን እግር አስገባሁበት። ስሰማው እኔም ደነገጥኩ።

አይሂዱ። አባ ነጻ ነዎት ብለዋል፤ የታሰርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ከእሷ ጋር እታረቃለሁ። ምናልባት ከሄዱ ግን አንድ ልመና አለኝ፤ የጋሼ ኤሊሴዮን ስም አይጻፉት። ልጆቹ እዚያ ሄደው ያነቡታል።

ለሚስተር ኮል "እግሩ ቆመ" አልኩት። የራስ ቁሩን አውልቆ የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። በማመላለሻው ቀበቶ ላይ ሥጋው እየመጣ ነው፣ እሱ ተቀምጧል! እንዲህ ሲሆን አይተነው አናውቅም። ፎቶግራፉን ተወው፤ "አያስፈልገኝም፣ አምናለሁ" አለኝ።

የእርስዎ፣
ግራሲዬላ


ሎስ ፒሩሌስ፣ ማርች 11 ቀን 1975

ለግራሲዬላ፣ ለልጅሽም፣ ስሜን ግድግዳ ላይ ለለጠፉት ሁሉ። አይቼ ለማላውቃቸው ሰዎች እንዴት ሰላምታ እንደሚጻፍ መነኩሲቷ አላስተማረችኝም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ አለሁ፣ በእናንተም ጭምር።

ሄድኩ። አንቺ አይሂዱ ስላልሽኝ ነው የሄድኩት፤ ታውቂኛለሽ።

የመንደሩ ተጓዦች ሳይነሱ እኔ በከዘራዬ ቀድሜ ወጣሁ፤ ቶማሳ የቶርቲያ ቂጣና ብርድ ልብስ ተሸክማ ተከተለችኝ። ብዙም ሳንርቅ ከኋላ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል ኤሊሴዮ ነው። ጀርባው ላይ ወንበር አስሯል፤ ያንን በሣር የተታታውን፣ እህቴ ትቀመጥበት የነበረውን።

"ምን ትፈልጋለህ?" አልኩት።

ዝም።

"ወንበሩ ለማን ነው?"

አወረደውና መሬት አስነክቶ በእጁ ጋበዘኝ።

"ካንተ ወንበር ቁልቋል ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል" አልኩት። መልሶ ተሸከመው።

መንገዱን ሁሉ እንዲህ ሆንን። ስቆም ያወርዳል፤ ስሄድ ይሸከማል። መንገደኞች ይስቁበታል። "አያ፣ ወንበሩ ለስለት ነው ለሽያጭ?" ይሉታል። ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። አንዲት ሴት እኔን ይዛ "ታድለሽ! ምን ያለ ደግ ባል ሰጥቶሻል!" አለችኝ።

"ባሌ አይደለም። እግሬን የሰበረው እሱ ነው!"

ሴትየዋ አማትባ ሸሸች።

በመጨረሻው ዳገት እግሬ እምቢ አለ። ወንበሩ ከኋላዬ ሲቀመጥ ሰማሁ። ተቀመጥኩ። ተቀምጬም ቢሆን ፊቴን አላዞርኩለትም። ከዚያ ተነስቼ ዳገቱን ጨረስኩ። አናቱ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ማማዎች ይታያሉ። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ከፊቴ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ባንዴ አጠረ። መሬት የዋጠችው መስሎኝ ክው አልኩ፤ ለካ ተንበርክኮ ነው።

እኔ መንበርከክ አልችልም፤ ዳሌዬ አይታጠፍም። ዓይኔ እስከሚያይ ድረስ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ግራሲዬላ፣ "አቁሚልኝ" አይደል ያልሽው? የተጠየቀችውን ነበር የሰጠችው፤ አቆመችኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለይታ አቆመችኝ። መኪናዋ ስትመጣብኝ እንኳ እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ኤሊሴዮ ወንበሩን አወረደና "ዶሚቲላ" አለኝ።

ድምፁን ረስቼዋለሁ። ማን ጠራኝ ብዬ ወዲያ ወዲህ አየሁ።

"ዶሚቲላ፣ ይቅር በዪኝ። ድንጋዩን አላስተዋልኩትም።"

"አሁን? ዘጠኝ ወር ሙሉ ዝም ብለህ አሁን?"

"ስለት ነበረብኝ" አለ። "አንቺ ወድቀሽ ሳይሽ ተሳልኩ። ሲጋራ አልተው ነገር እሱን ለእህትሽ ተስዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ከሲጋራ የሚብስብኝን ፈለግሁ። የሚያሳርፈኝ አንቺን ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነበር። እሱን ሰጠኋት። ደጇ እስክትደርሺ ለዶሚቲላ ቃል አልተነፍስም አልኳት።"

"እና ለኔ አትነግረኝም ነበር?"

"እንዴት ልንገርሽ? ላላናግርሽ እኮ ነው የተሳልኩት።"

"በቶማሳ አታስነግረኝም?"

"እሱማ እሷን ማታለል ይሆናል" አለ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየጠቆመ። "ባልድን ኖሮስ?" አልኩት። መሬት መሬት አየ። "እስክሞት ዝም እል ነበራ" አለኝ።

አንቺ ሳታስፈቅጂኝ እግሬን ሰጠሽ፤ እሱ ሳያስፈቅደኝ ልሰማው የምሞትለትን ቃል ሰጠ። ደጄ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ሲገተር የኔ መዳን ነበር እዚያ የቆመው፤ እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስረግመው ነበር።

ገባን። ድንግሊቱ በጣም ትንሽ ናት፤ ክንድ አትሞላም። ያ ሁሉ አገር የሚሄድላት ይህችን ታክላለች? አልኩ። የማለቅሰውን ሁሉ አለቀስኩ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ።

የምስጋና ቆርቆሮዎቹን የሚሥለው ሠዓሊ ከደጁ ፊት ለፊት ነው የሚሠራው።

"ምን ደረሰብዎት?"

"መኪና። የጭነት። ሰማያዊ።"

መኪናዋን ሣለ፣ ገንዳውን ሣለ፣ እኔን በመሐል። ድንግሊቱን ከደመና ላይ። ከዚያ "ስለቱን የተሳለው ማን ነው? በዚህ ጥግ የሚንበረከከው እሱ ነው" አለኝ።

"ካንሳስ ናት።"

"አለባበሷስ?"

"ነጭ ሽርጥ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ቢላዋ በእጇ።"

"ቢላዋ? በእመቤታችን ፊት?"

"እንደዚያ ሆና ነው የተሳለችው" አልኩት።

እንደዚያ አድርጎ ሣለሽ። ተንበርክከሻል፣ ግራሲዬላ። ከእሷ ፊት ነሽ፤ ወረቀት የጠየቀሽ የለም።

ከታች ለጽሑፍ ጠባብ መስመር ተወልኝ። ቤቴ ሆኜ ያዘጋጀሁት "በኤሊሴዮ ጥፋት" ብሎ ይጀምራል። ብሩሹን ያዝኩ። እሱ አጠገቤ ቆሟል፤ ማንበብ አይችልም፤ ምን ብጽፍ አያውቅም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ግራሲዬላ እግሬን ሰጠች፤ ኤሊሴዮ አንደበቱን ሰጠ፤ ዶሚቲላ ቆመች። ምስጋና ለአንቺ።" ፊደሎቼ ወጥተው የመኪናዋን ጎማ ሸፈኑት። ሠዓሊው ሥራዬን አበላሸሽብኝ ብሎ አጉረመረመ።

"ምን ይላል?" አለኝ ኤሊሴዮ። አነበብኩለት። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ።

ቆርቆሮው ከጎን ባለው ክፍል ተሰቅሏል። ግድግዳው ከመሬት እስከ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ጉድጓድ የገባ ሰው፣ በሬ የወጋው ሰው፣ ምጥ የጠናባት ሴት። አንዳንዱ ፊደሉ እንደኔው እየተጣላበት ጽፎታል። ክፍሉ ሊዘጋ ነው ብለው እስኪያስወጡኝ አነበብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ግድግዳ ሥዕል ብቻ ነው ብዬ ሳልፈው ኖሬያለሁ፤ ለካ ሰው ሁሉ እየተናገረ ነበር።

ኤሊሴዮን ይቅር አልኩት ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። አፉ ከተፈታ ወዲህ እሁድ እሁድ እየመጣ ያወራል፣ ያወራል፤ የላሚቱን፣ የዝናቡን፣ የጥርሱን። አሁን ዝም በል የምለው እኔ ሆኛለሁ። በእሱ ነገር ገና አልጨረስኩም። ዝናብ ሲመጣ ዳሌዬ ያመኛል፤ ያን ጊዜ ከነድንጋዩ አስታውሰዋለሁ፤ ፊት ለፊትም እነግረዋለሁ። በአንቺም ነገር አልጨረስኩም፤ ሌላ ጊዜ ስትሳይ መንገዱን አሳጥሪው።

ግን ሰው እኔን ሳይጠይቅ ስለኔ ሲለምን፣ ማን ፈቀደልህ ብዬ ከእንግዲህ አልጣላም።

ዶሚቲላ